ሁለቱ ሻርዶኔዎች

ህዳር 3፣ ማክሰኞ

አዲሱ የወይን ጠጅ ካርቶን ከአዲስ አበባ ደረሰ። ከድሮው ሦስት ጠርሙስ ቀርቶናል። ያም ሻርዶኔ የሚባል ነጭ ወይን ነው ይላል፣ ይሄም። ሳላይ ወደ መጋዘን አስገባሁት። አስተናጋጇ ንጋቷ ቆጥራ ተረከበች። ሌላ ወሬ የለም።

ህዳር 6፣ ዓርብ

ቡና ገዢዎች ሆቴሌን ሞልተውታል። አንዱ ብርጭቆውን አስመለሰ። “ባለፈው ሳምንት የጠጣሁት ቢጫ ነበር፣ ወፈር ያለ። ይሄ ውሃ ነው።”

አየሁት... እውነትም የነጣ። ቀመስኩት፣ ቀጠነብኝ።

ንጋቷን አስተናጋጆቹ ሁሉ ፊት አቆምኳት። “ጠጥተሽ ውሃ ሞላሽበት?” የቤተ ክርስቲያን ዘማሪ ናት፤ ትቀዳለች እንጂ አትቀምስም። ሰዎች እንደዚያ ስላሉ ላምን ነው እንዴ? “ጋሽ ኤፍሬም፣ ገና ስከፍተው ሽታው...” አለች። አላስጨረስኳትም። ሽርጧን ፈትታ፣ አጣጥፋ ባንኮኒው ላይ አስቀምጣ ወጣች።

ንጹሕ ከሆነች ምን አስሄዳት?

ህዳር 10፣ ማክሰኞ

አስተናጋጁ ሲላስ ቡና እየቀዳልኝ ነገረኝ። ወሬው ቤተ ክርስቲያኗ ደርሷል። ነገሩ እስኪጣራ ከኳየር አግደዋታል።

ህዳር 12፣ ሐሙስ

ፀደንያ የምትባል ቡና ቀማሽ እኛ ሆቴል አርፋለች። ያንኑ የነጣውን አዘዘች። ቀድሜ ይቅርታ ጠየቅኩ፤ ሠራተኛ ውሃ ጨምራበት ይሆናል አልኩ።

ቀምሳ ሳቀች። “ምንም አልተጨመረበትም። ይሄ በብረት ታንከር የተሠራ ነው፣ ለዚያ ነው ቀለል ያለው። ድሮ የነበራችሁ የእንጨት በርሜል ውስጥ የከረመ ይሆናል፤ እሱ ይወፍራል፣ ቅቤ ቅቤ ይላል። ወይኑ አንድ ነው፣ አያያዙ ነው የሚለየው።” ቀጥላም፣ “የታጠበ ቡናና በደረቁ የተዘጋጀ አንድ ዓይነት ይጣፍጣል እንዴ?”

ቴፒ ስምንት ዓመት ቡና አጥቤያለሁ! ከአንድ ዛፍ የተለቀመ እሸት፣ ግማሹን አጥበን ግማሹን ከነገለባው አስጥተን... ሁለት ጣዕም። ለስንቱ እንግዳ አስረድቻለሁ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ!

ብርጭቆውን ላስመለሰው እንግዳ ቀስ ብዬ ተናገርኩ። ንጋቷ ላይ የጮኽኩት ምንም አታመጣም ብዬ ነው። አፈርኩ። በጣም አፈርኩ።

ህዳር 13

ለንጋቷ አምስቴ ደወልኩ። አታነሳም።

ህዳር 15፣ እሑድ

በሰው ፊት ሰድቤያት ብቻዋን ይቅርታ ልጠይቃት? ቤተ ክርስቲያኗ ሄድኩ። ሽማግሌዎቹን አስፈቅጄ ማስታወቂያ ሲያልቅ ቆምኩ። “ንጋቷ አልጠጣችም፣ ውሃም አልጨመረችም። ሳላጣራ ስሟን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።”

መጨረሻው ወንበር ላይ ነበረች። ቀና አላለችም። እናቷ ግን አዩኝ... እስከ በሩ ድረስ አዩኝ።

ህዳር 21፣ ቅዳሜ

መጣች። ልትመለስ መሰለኝ። ሽርጧን አጥቤ አስተኩሼ አስቀምጬላት ነበር።

“የሥራ ልምድ ወረቀት ይጻፉልኝ፣ ጋሽ ኤፍሬም። ቴፒ ሥራ አግኝቻለሁ።”

“ኳየሩስ?”

“መልሰውኛል። ግን እስካሁን ዞር ብለው የሚያዩኝ አሉ።”

ጻፍኩ። ታማኝ የሚለውን ቃል ስጽፍ እጄ ከበደኝ። ባንኮኒው ላይ ለሲላስ ላስተምርባቸው የቀዳኋቸው ሁለት ብርጭቆዎች ነበሩ። ጎንበስ ብላ አሸተተቻቸው፤ አልቀመሰችም።

“ይሄኛው ቅቤ፣ ይሄኛው ያልበሰለ ሎሚ።”

“እንዴት አወቅሽ?”

“ያን ዕለትም ልነግርዎ የነበረው ይሄንኑ ነው።”

ማኅተሙን መትቼ ወረቀቱን ሰጠኋት።