የልጅ ልጄን ጉርሻ ለበሉት ሹም

ለክቡር የሕፃናት አመጋገብና የሰፈር ጽዳት ሹም፣
ደብረ ብርሃን፣ ምሽጉ ውስጥ።

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ጉሮሮዎስ ተሻለው? የዓይንዎ እንባ ቆመ? በአስካሪ ወታደሮችዎ ተደግፈው ከቤታችን ከወጡ ጀምሮ እኔም፣ ልጄ እናናየሁም፣ ጎረቤቱም በሙሉ ስለ ጉሮሮዎ ሳንነጋገር የዋልንበት ቀን የለም፤ አንዳንዱማ የጉሮሮዎ ነገር ሲነሣ ከጭንቀቱ ብዛት ሆዱን ይዞ መሬት ላይ ይቀመጣል። እኛ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና ደኅና ነን። ደኅና ያልሆነው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ገና አፉን ስላልፈታ እኔ ልናገርለት ብዕር አንሥቻለሁ።

ወልደተንሣኤ እባላለሁ። እናንተ ባሕር ተሻግራችሁ ከመምጣታችሁ በፊት ለባላገሩ አቤቱታ እየጻፍኩ የኖርኩ ሰው ነኝ። ያን ቀን ቤታችን ሲገቡ ጥግ ላይ ተቀምጬ አጥሚት ስጠጣ ያዩኝ ሽማግሌ እኔ ነኝ። በዚህ ቤት አጥሚት የምንጠጣው ሁለት ነን፣ እኔና የልጅ ልጄ ዘርአ ዳዊት። ልዩነታችን የእሱ ጥርስ እየመጣ፣ የእኔ መሄዱ ብቻ ነው። ስለዚህ በየበራችን ላይ ያስለጠፉት «ሕፃናትን ከቀጭን ምግብ ወደ ገበታ ምግብ ስለማሸጋገር» የሚለው ትእዛዝዎ እኔንም በቀጥታ የሚመለከተኝ ስለሆነ፣ መልስ መስጠት ይገባኛል ብዬ አምናለሁ። አማርኛ እንደማያነቡ አውቃለሁ። አስተርጓሚዎ አቶ ኃይለ ገብርኤል አንብቦ እስኪያስረዳዎት ነገሩ እንዳይጓተት ብዬ፣ ቅዳሜ ገበያ መካከል ቆሜ ጮክ ብዬ አነበዋለሁ፤ ከእርስዎ በፊት ሌላው ሰው በመስማቱ እንደማይቀየሙኝ ተስፋ አለኝ። በዚህ ዕድሜዬ የምትወስዱብኝ ጥርስ እንኳ አልቀረኝም።

አንደኛ፣ ስለ እንቁላል። ትእዛዝዎ ስድስት ወር የሞላው ሕፃን የእንቁላል አስኳል ይሰጠው ይላል። ድንቅ ምክር ነው፣ እጅ ነሥተን ተቀብለናል። ዶሮዎቻችን ግን ትእዛዙ ሳይለጠፍ በፊት በአስካሪዎችዎ ተለቅመው ምሽጉ ውስጥ ገብተዋል። ጠዋት ጠዋት እንቁላል ጥለው ሲንጫጩ ከዚህ ሆነን እንሰማቸዋለን፤ የእኛዋን ገብስማ ዶሮ እናናየሁ በድምፅዋ ትለያታለች። ለሕፃኑ አስኳሉን መስጠት ባንችልም ጩኸቱን በየዕለቱ እያሰማነው ስለሆነ፣ ትእዛዙን በከፊል እንደ ፈጸምን ይቆጠርልን።

ሁለተኛ፣ ስለ ፍሬ። ፍሬ ተጨፍልቆ ይሰጠው ይላል። የዓልዩ አምባው ነጋዴ ሸሪፍ፣ ቸር ሰው ነው፣ ለልጁ ብሎ ከቆላ ሙዝ በአህያ ጭኖ ያን ሁሉ ዳገት ወጥቶ ነበር። ኬላው ላይ ወታደሮችዎ ሙዙ ለሕፃን የሚስማማ መሆኑን ለማጣራት ቀመሱት፤ አሁንም ደግመው አጣሩ፤ ልጣጭ ብቻ እስኪቀር ድረስ አጣርተው አህያዋን ባዶዋን አሳለፏት። ሸሪፍ ባዶውን ቅርጫት ተሸክሞ ከበራችን ሲደርስ፣ ወላሂ ለሕፃናት እንዲህ የሚጠነቀቅ መንግሥት በዕድሜዬ አላየሁም አለ። ሰውየው ኮስታራ ነው፣ ቀልድ አይወድም።

ሦስተኛ፣ ስለ ማንኪያ። በእጅ ማጉረስ ቆሻሻ ስለሆነ ሕፃን በማንኪያ ይመገብ ተብሏል። በቤታችን ያለው ማንኪያ አንድ የእንጨት ጭልፋ ሲሆን፣ ከልጁ ጭንቅላት ጋር ስናስተያየው ጭልፋው በለጠ። አዋቂ እያላመጠ ለሕፃን እንዳይሰጥ የሚለውን ክፍል ግን እኔ በግሌ አንድም ቀን ሳልተላለፍ አክብሬዋለሁ፤ በምን ላላምጥ?

አራተኛው ረዘም ስለሚል ይታገሡኝ፤ ብዕር ያነሣሁትም ለእሱ ነው። በእኛ ቤት ሕፃን ከአጥሚት ወጥቶ ከገበታ የሚቀምሳትን የመጀመሪያዋን ጉርሻ የሚያጎርሰው አባቱ ነው። ልጅ ጠባዩን ከመጀመሪያ አጉራሹ ይወስዳል ብለን ስለምናምን፣ አላፊ አግዳሚው ሁሉ እጁን አይሰድበትም። የዘርአ ዳዊት አባት ይሁኔ የሱፍ ባና የሚሠራ ሸማኔ ነው። እዚህ ብርድ አገር ላይ ስንቱን ሰው ያለበሰ፣ ድምፁ የማይሰማ፣ በሰፈሩ በትዕግሥቱ የታወቀ ሰው ነው፤ እኔን አማቱን እንኳ ችሎ ይኖራል። እናናየሁም «ልጄ እንደ አባቱ ታጋሽ ይሁንልኝ» ብላ ያችን ቀን በጉጉት ስትጠብቅ ከረመች። ቀኑ ሲደርስ ለልጁ በቅቤ የራሰች፣ በርበሬ ያልነካት ፍትፍት ለብቻዋ ተሠራች። ለአዋቂዎቹ ደግሞ አዋዜው በጎድጓዳ ሳህን ቀረበ። ይሁኔ እጁን ታጥቦ ፍትፍቷን በጣቶቹ አድቦልቡሎ አነሣ። ልጁም ነገሩ እንደ ገባው ሁሉ አፉን ከፈተ።

ክቡርነትዎ በሩን ገፍተው የገቡት ይኼን ጊዜ ነበር። ትእዛዝዎ በቤታችን መከበሩን ሊመረምሩ መምጣትዎን አላወቅንም፤ እኛ ያየነው እንግዳ ነው። እንግዳ ገበታ ላይ ከደረሰ ደግሞ እዚህ አገር ሕፃንም ቢሆን ተራውን ይለቃል። ስለዚህ ይሁኔ የልጁን ጉርሻ መልሶ አስቀመጠና ለማዕረግዎ የምትመጥን፣ ጡጫ የምታህል ጉርሻ ጠቀለለ፤ አዋዜውንም አልሰሰተም። እርስዎ በበኩልዎ እጁን በሳሙና አልታጠበም ብለው ሊገሥጹት አፍዎን በሰፊው ከፈቱ። እስቲ ይፍረዱን፣ ክቡር ሆይ። ገበታችን አጠገብ ቆሞ አፉን የከፈተ ሰው ምን ፈልጎ ነው እንበል? ይሁኔ ከመቀመጫው ተነሥቶ፣ ቀኝ እጁን በግራው ደግፎ፣ «በሞቴ» ብሎ አጎረስዎት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እርስዎ ከእኔ ይበልጥ ያውቁታል። እኔ ያየሁት ፊትዎ አዋዜውን ሲመስል ነው። ይሁኔ እንባዎን ሲያይ አቀባበላችን ልብዎን የነካው መሰለው፤ በአንድ ጉርሻ ብቻ ማሰናበት ነውር ስለሆነም ሁለተኛውን መጠቅለል ጀመረ። በክሱ ወረቀት ላይ «ድጋሚ የመግደል ሙከራ» ተብላ የተመዘገበችው ይህችው ሁለተኛዋ ጉርሻ ናት። አቶ ኃይለ ገብርኤል የዚሁ አገር ልጅ ነው፣ በጉርሻ ያደገ ነው፣ ነገሩን በአንድ ቃል ሊያስረዳዎት ይችል ነበር፤ ግን በዚያ ሰዓት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። አዝኖልኛል ብለው እንዳመሰገኑት ሰምተናል። ይህን መስመር ሲያነብልዎትም ድምፁ ቢቆራረጥ ያው ሐዘኑ አገርሽቶበት ነውና አይዘኑበት።

ይሁኔን የፊጥኝ አስራችሁ ወሰዳችሁት፤ አዋዜውንም ለምርመራ ወሰዳችሁት። በማግሥቱ ከአስካሪዎችዎ አንዱ ተመልሶ መጥቶ ምርመራው ገና ስላላለቀ ተጨማሪ ማስረጃ ካለን እንድንሰጠው ለመነን፤ በብብቱ ዳቦ ይዞ ነበር። ማስረጃው በየዕለቱ እየተበላ አንድም ሰው አለመሞቱ ከታወቀ፣ ክሱ በምን እግሩ እንደቆመ ለእኔ ለአሮጌው አቤቱታ ጸሐፊ ሊገባኝ አልቻለም።

አምስተኛውን ልጄ አሰርዛኛለች። ስለ አስተዳደግዎ ነበር።

ስድስተኛ። ልጁ ያን ቀን አፉን እንደ ከፈተ ቀረ። የእሱ ተራ በራሱ ላይ አልፎ ወደ እርስዎ ሄደ። ከዚያ ወዲህ አጥሚቱን ሲሰጡት በቁጣ ይተፋዋል፤ የሚተፋውም እኔ ላይ ስለሆነ ጢሜ የገብስ ማሳ መስሏል። ከታች ሁለት ጥርስ አብቅሏል። የአባቱን የሱፍ ክር ያኝካል፣ የመደቡን ቁርበት ያኝካል፣ ጣቴን ያኝካል። መብላት የሚፈልግ ልጅ ነው። እናቱ ግን አሻፈረኝ አለች። ጎረቤቱ ተሰብስቦ ቢመክራት፣ እኔም እስኪመለስ ድረስ አያቱ ላጉርሰው ብዬ ብለምናት፣ መልስዋ አንድ ነው፦ «አባቱ ሳያጎርሰው ከዚህ ገበታ ፍርፋሪ አይቀምስም። አባቱ አልሞተም።» ይህን ያለችኝ ፊቷን አዙራ ነው። ከዚያ ወዲህ አልለመንኳትም።

እዚህ ላይ ቀልዱ ይቅርብኝ። ልጁ ቀልሏል። ሳቅፈው ይታወቀኛል፤ ክንዱ ላይ ታጥፎ የነበረው ሥጋ ጠፍቷል። በዚህ ላይ ይሁኔ ተራራውን ወደምትበሱበት ወደ ጣርማ በር ለድንጋይ ፈለጣ ሊላክ ነው ሲባል ሰምተናል። እዚያ የሄደ ሰው መቼ እንደሚመለስ የሚነግረን የለም። ሱፍ ሲያባዝት የኖረ እጅ ድንጋይ ሲፈልጥ ምን ሆኖ እንደሚመጣም አላውቅም። ፈርቻለሁ፣ ክቡር ሆይ፤ በገበያ መካከል ቆሜ ፈርቻለሁ ብዬ ስናገርም አላፍርም።

ስለዚህ ይሁኔን ይልቀቁልን። ሰው አበላ ተብሎ የታሰረ ሰው በዚህ አገር ታይቶም ተሰምቶም አይታወቅም። እሱን መልቀቅ ለመንግሥትዎ ክብር የሚከብድ ከሆነ ግን፣ ቀለል ያለ ነገር እለምናለሁ። እናናየሁ ልጁን አዝላ፣ ፍትፍቷን ሸፍና ወደ ምሽጉ በር ትምጣ። ይሁኔ አንድ እጁን ብቻ በፍርግርጉ ያውጣ። ሌላውን እጁን አስራችሁ ያዙት፤ ለማጉረስ አንዱ ይበቃል። አዋዜ እንደማይኖር እኔ ዋስ እሆናለሁ። ካሻዎት በሳሙናም ይታጠብ፤ ሳሙናውን ግን ከእርስዎ ዘንድ ያምጡ፣ የእኛ ከዶሮዎቹ ጋር ሄዷል።

ጎረቤታችን ወይዘሮ በሰለች ሌላ መላ አምጥታ ነበር። የልጁን ተራ የወሰዱት ሹሙ ስለሆኑ እሳቸው ራሳቸው መጥተው ያጉርሱትና ይካሱት አለች። ልጅ ጠባዩን ከአጉራሹ ይወስዳል ያልኩትን መቼም አልረሱትም። እናናየሁ ይህን ስትሰማ ማማሰያውን አንሥታ ወይዘሮ በሰለችን እስከ ወንዙ ድረስ ሸኘቻት። እኔም ነገሩ ለክብርዎ ካላት ሥጋት የመጣ መሆኑን ለሰፈሩ አስረድቻለሁ።

የሚገባዎትን ምስጋና ሳላቀርብ ብዘጋ ውለታ ቢስ እባላለሁ። እናንተ ባትመጡ ልጅ እንዴት እንደሚያድግ ሳናውቅ ልንቀር ነበር። እነዚህ ሁሉ ሰዎች፣ የእኔም አባት፣ የአባቴም አባት፣ ያለ ትእዛዝ እንዴት እንዳደጉ ሳስበው ይገርመኛል። ላደረጋችሁልን ሁሉ እግዚአብሔር የእጃችሁን ይስጣችሁ።

ጉሮሮዎን እንዲያሰፋልዎ፣ ሆድዎን እንዲያጠናልዎ፣ ወደ አገርዎ የሚወስደውንም መንገድ አቅንቶ እንዲያሳጥርልዎ ከመላ ቤተሰቤ ጋር ጠዋትና ማታ የምጸልየው፣ ከእግርዎ ሥር የማልጠፋው ትሑት አገልጋይዎ፣

ወልደተንሣኤ፣
የዘርአ ዳዊት አያትና ጠበቃ፣
ጥርስ የሌለው፣ ግን አፍ ያለው።
ደብረ ብርሃን፣ ጥቅምት ፲፱፻፴ ዓ.ም.

የተረሳ ነገር፦ ደብዳቤውን ላሽግ ስል ቤት ውስጥ ሁከት ተነሣ። ዘርአ ዳዊት እየዳኸ ሄዶ መቃኑን ይዞ ቆመና ትእዛዝዎን ከበሩ ላይ ገንጥሎ፣ ማኅተሙ ያለበትን ጥግ አፉ ውስጥ ከተተው። እናቱ ኡኡ አለች። ከአጥሚት ሌላ የሚውጠው የመጀመሪያ ነገር የመንግሥት ማኅተም ሊሆን ነው፣ ልጄ ሹም ሆኖ ሊቀር ነው ብላ አለቀሰች። ላወጣው ጣቴን ብሰድ ነከሰኝ። ከዚያ ተቀምጦ ጥቂት አላመጠው፣ ፊቱን አጨማደደ፣ ማኅተሙን ከነቀለሙ እግሬ ላይ ተፋው። ከዚህ ጋር አያይዤዋለሁ፤ ስለ እርጥበቱ ይቅርታ። ጎረቤቱ ተሰብስቦ መክሮ፣ ያልተዋጠ ነገር ከጉርሻ አይቆጠርም ሲል ፈርዷልና ተራው አሁንም የአባቱ ነው። እሑድ ከቅዳሴ መልስ እናናየሁ ፍትፍቷን ይዛ በምሽጉ በር ላይ ትቆማለች፤ ቅዳሜ ይህን የሚሰማው ገበያተኛ ሁሉ አብሯት እንደሚመጣ ከወዲሁ አውቃለሁ። ክቡርነትዎም ብቅ ካሉ ደስ ይለናል፤ ብቻ እባክዎን አፍዎን ዘግተው ይቁሙ። በዚህኛው ቀን የሚከፈተው የልጁ አፍ ብቻ ነው።