እሱ ያውቃል

ግንቦት 3

ዛሬም ስልክ። ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ፣ ፊቴ ኮምፒውተር፣ ግራና ቀኜ የካርቶን ግድግዳ። «ጤና ይስጥልኝ፣ ስለ መጪው ምርጫ አስተያየትዎን ለመጠየቅ ነበር…» ግማሹ ሳልጨርስ ይዘጋዋል። አንዱማ «ሚስቴ ናት አይደል የላከችሽ?» አለኝ። ሳቄን ዋጥኩት። ተቆጣጣሪያችን መስመር ውስጥ እየገባ ያዳምጣል፤ «ጆሮ» ነው የምንለው። ከተጻፈው ጥያቄ ውጭ አንድ ቃል መናገር ክልክል ነው።

ድምፄ ተዘግቶ ቤት ገባሁ። ቢዘጋስ? ማን አለና።

ግንቦት 5

አንዲት እናት አገኘሁ። ድምፃቸው ያረጀ፣ ግን ደስ የሚል። ስለ ኑሮው፣ ስለ መንገዱ፣ መድኃኒት ስለሌለው ጤና ጣቢያ የልባቸውን ነገሩኝ። ምርጫው ላይ ስንደርስ ግን… ማን ያሸንፋል? «እሱ ያውቃል።» ድምፅዎን ለማን ይሰጣሉ? «እሱ ያውቃል አልኩሽ እኮ ልጄ።» «ውሳኔዎ ላይ ማን ተጽዕኖ ያደርጋል» ከሚለው ሥር «ባለቤቴ» የሚለውን ነካሁና አለፍኩ።

ምኑ ይገርማል? እኔስ? ባለቤቴ እያለ የምርጫ ቀን ጠዋት ጫማውን እያሰረ «ያቺ ምልክት ላይ አድርጊ» ይለኝ ነበር። አደርግ ነበር። የቤታችንን መጋረጃ እንኳ የመረጠው እሱ ነው። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። እኔም ተመችቶኝ ነበር።

ግንቦት 6

ጆሮ ጠራኝ። የተቀዳውን ከፍቶ አሰማኝ።

«እትዬ፣ ባለቤታቸውን ከየት አመጧቸው?»

«እሱ ያውቃል አሉኛ።»

«እሱማ ፈጣሪ ነው።» ጣቱን ወደ ኮርኒሱ ቀሰረ። አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች ሳቁ።

አፈርኩ። ሕፃን የሚያውቀውን! ግን እኔ ቤት «እሱ» ሲባል አንድ ሰው ብቻ ነበር። ከሄደ ዓመት ሊሞላው ነው… ዛሬም የሚመጣልኝ እሱው ነው።

ነገ ደውዬ አረጋግጣለሁ።

ግንቦት 7

ደወልኩ። «እማማ፣ ያን ዕለት ‹እሱ› ያሉት ባለቤትዎን ነው ወይስ ፈጣሪን?»

እስኪያስላቸው ሳቁ። «ባሌን? ያ ሰውዬ የገዛ ካልሲው የት እንዳለ አያውቅም ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና።» ከዚያ መልሰው ጠየቁኝ። «አንቺ ባልሽን ‹እሱ› ነው የምትይው?»

መመለስ ክልክል ነው። ጆሮ መስመር ላይ እንዳለ አውቃለሁ።

«ሞቷል» አልኳቸው።

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ የመጀመሪያው ነው። ለሰው ሁሉ «የለም» ነበር የምለው፣ ሱቅ ደርሶ የሚመለስ ይመስል።

«ታዲያ አሁን ቤትሽ ውስጥ የሚያውቀው ማነው?»

አለቀስኩ። እስክጨርስ ስልኩን አልዘጉም።

ግንቦት 8

ጆሮ ቢቆጣ ይሻል ነበር። ቀስ ብሎ «እትዬ፣ ቃለ መጠይቁን ሰርዤዋለሁ፣ ደንብ ነው» አለኝ። ስለ ጤና ጣቢያው ያሉትም አብሮ ጠፋ። ስልክ ቁጥራቸውም። እኔንም ከስልክ አንስቶ ወረቀት መደርደር ላይ አደረገኝ። ምናለ ያኔ የኔን ቁጥር ብሰጣቸው ኖሮ? ምን ነካኝ?

ቀኑን ሙሉ ከማንም ጋር ሳላወራ ዋልኩ።

ግንቦት 13

ሥራው አልቋል፣ ነገ ምርጫ ነው። የፓርቲዎቹን በራሪ ወረቀት ሁሉ አልጋው ላይ ዘረጋሁ፣ እሱ ይተኛ በነበረበት በኩል። አንድ በአንድ አነበብኩ። የእሱ ፓርቲ ስለ ጤና ጣቢያ አንድ መስመር እንኳ አልጻፈም። አንብቦት ያውቅ ነበር? ወይስ እሱም ሰው ነግሮት ነው?

ተናደድኩበት። በሞተ ሰው ይናደዳሉ?

ግንቦት 14

መረጥኩ። ከመከለያው ጀርባ ብዙ ቆየሁ መሰለኝ፤ አስተናባሪው «እናት፣ ሰልፉ ረዘመ» አለኝ። የእሱን ምልክት አየሁት። አለፍኩት። እጄ የፈለግኩት ላይ ነው ያረፈው።

ቤት ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ጮክ ብዬ ነገርኩት። ለምን እንደሆነም አስረዳሁት። ቢኖር «አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ?» ብሎ ይቆጣኝ ነበር። መልሱ ሁሉ አፌ ላይ ነበር፣ ተሰልፎ። ያን ሁሉ ዘመን አብረን ስንኖር አንድ ቀን ተከራክረን አናውቅም። ዛሬ የምንጣላበት ነገር አገኘሁ… የምጣላው ሰው የለኝም።