ከስድስተኛው ሙዚቃ ያጠፋሁት ድምፅ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 6

ውድ አባዬ፣

«አልበሜ የት ደረሰ?» ብሎ አንዴም አልጠየቀም ትላለች እህቴ። ሙዚቃ ሲከፈት ክፍሉን ጥለህ እንደምትወጣም ነግራኛለች። በልብህ ግን ስንቴ እንደጠየቅከኝ ስለማውቅ እመልስልሃለሁ። የጃዝ ፊውዥን አልበምህ ከዘጠኙ ሙዚቃ ስምንቱ አልቋል። የቀረው ስድስተኛው ነው፤ ጥፋቱም የኔ ነው።

ግራ እጅህን ሳያምህ በፊት የዘጠኙንም ቤዝ ጊታር ተጫውተህ ጨርሰህ ነበር። ሌላው ቡድን ድራም ያስቀድማል፤ እናንተ ዘንድ ቤዝ ይቀድምና ሌላው ይከተላል። እኔ ደግሞ የድምፅ ቀረጻ ዲግሪዬ ቀለም ሳይደርቅ ሥራ ላሳይ ብዬ ተቻኮልኩ። ስድስተኛው መሃል ላይ ቤዙ ስምንት ባር፣ ሃያ ሰከንድ ያህል፣ ዝም ሲል፣ አንተ ከሥር ስታንጎራጉር ይሰማል። ጫጫታ ነው ብዬ ከሰዓቱን ሙሉ ተቀምጬ አጸዳሁት። ኮምፒውተሩ ሞልቶ ስለነበር ያልተነካውን የመጀመሪያ ቅጂም ደመሰስኩት። ልትኳል ሄዳ ዓይኗን አጠፋች ማለት እኔ ነኝ።

ትናንት ድራመሩ ሊቀረጽ መጣ፤ መዶሻ የምትለው ጓደኛህ። አራት ጊዜ ጀመረ፤ አራቴም ያቺ ቦታ ላይ ሳተ። በመጨረሻ እንጨቶቹን ጭኑ ላይ አስቀመጠ።

«አባትሽ እዚህ ጋ ያንጎራጉር ነበር። እሱን ሰምቼ ነው የምገባው። የት አደረስሽው?»

«ጫጫታ መስሎኝ አጸዳሁት፣ ጋሼ።»

አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ትምህርት ቤት ማጽዳት እንጂ መስማት አላስተማሩሽም ማለት ነው አለና ሻይ ሊጠጣ ወጣ። ሲመለስ ምት የሚቆጥረውን የኮምፒውተር ድምፅ ከፈትኩለት። ትንሽ ሞከረው።

«ይሄ ይቆጥራል እንጂ አይጠራኝም» አለ።

ኪቦርድ ተጫዋቹ ሌላ ቤዚስት ጠርተን ሙዚቃውን እንደ አዲስ እንቅረጸው ባይ ነው። ስቱዲዮው የኛ የሚሆነው እስከ ቅዳሜ ስለሆነ ለዓርብ አንድ ልጅ አነጋግሯል። በአባቴ አልበም የሌላ ሰው ጣት አይገባም ብዬ ተሟገትኩ። ማን ሰምቶኝ! መዶሻ ብቻ እስከ ሐሙስ ጠብቋት አለልኝ።

አባዬ፣ ሐኪሙ ስለ እጅህ ያለውን እህቴ ነግራኛለች። እሱን አላነሳብህም። እኔ የምፈልገው ድምፅህን ነው። ሙዚቃውን በስልኳ ልኬያለሁ። ማዳመጫውን ጆሮህ ላይ ታድርግልህና ቤዙ ዝም ሲል እንደ ልማድህ አንጎራጉር፤ እሷ በሌላ ስልክ ትቅዳህ። ክፍሉን ጥለህ መውጣት ካማረህ ውጣ፤ ስልኩን ግን ይዘህ ውጣ። መሃል ላይ ብታስልም፣ ድምፅህ ቢሰበርም፣ እምልልሃለሁ አልነካውም።

እግዜር በምሕረት እጁ ይዳስስህ። እህቴንም ላንተ እንደቆመች እሱ ያቁምልኝ።

እስከ ሐሙስ መልስልኝ። ድምፅህ እምቢ ካለህም፣ ያንኑ እምቢ ያለህን ድምፅ ላክልኝ።

ችኩሏ ልጅህ