«እንደ ፈቃድህ» አትበይኝ

ይድረስ እናትም እህትም ለሆንሽኝ ለእትዬ፦

እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽን ብርዱ እንዴት አደረገው? ዓይንሽስ? የታዘዘልሽን ጠብታ በሰዓቱ ታደርጊያለሽ ወይስ አሁንም «ነገ» እያልሽ ነው? ልጅሽ፣ ባለቤቷ፣ የልጅ ልጅሽ፣ ሁሉም በጤና አሉ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ አካሌ ደህና ነው። ሌላውን ቀስ ብዬ እነግርሻለሁ።

መጀመሪያ የምሥራቹን። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ የጀመርኩትን የሰው ሀብት አስተዳደር ትምህርት ጨርሼ፣ የሙያ ብቃት ፈተናውን አልፌ፣ የምስክር ወረቀቴን ተቀብያለሁ። ሠራተኛ መቅጠር፣ ማሠልጠን፣ ቅሬታውን መስማት፣ ሲለቅም በወጉ ማሰናበት፤ ሙያው ይኸው ነው። «በስተርጅና ምን አግኝቶህ ነው?» እንደምትዪኝ አውቃለሁ። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ይህ ቤት ጭር ብሏል፣ እትዬ። ያስተማርኩበት ትምህርት ቤት ሲሸኘኝ የሰጠኝ የግድግዳ ሰዓት ብቻ ነው የሚናገረው። የተመዘገብኩት ሰው ያለበት ክፍል ፍለጋ ነው።

አብረውኝ የተማሩት ለልጅ ልጅነት የሚበቁ ናቸው። «አባታችን» እያሉ ከፊት ወንበር ያስቀምጡኝ ነበር። አንዷ ቀልደኛ ደግሞ «አባታችን፣ ፈተና ላይ ክንድዎን ከፍ ያድርጉልን እንጂ፣ ምን ዓይነት ጭካኔ ነው!» ትለኛለች። እኔ እንደምታውቂኝ ነኝ፤ ወረቀቴን ሸፍኜ ነው የሠራሁት።

የጽሑፉ ፈተና አላስቸገረኝም። ያስቸገረኝ የተግባሩ ነው። ዕጣ ሳወጣ የስንብት ቃለ መጠይቅ ደረሰኝ። ሥራ የሚለቅን ሰው አስቀምጠሽ ለምን እንደሚሄድ በትሕትና መጠየቅ ማለት ነው። ፈታኟ፣ ፈገግታ የማታውቅ ሴትዮ፣ ለቃቂ ሠራተኛ ሆና ፊቴ ተቀመጠች። ጥያቄዎቼን በተማርኩት ቅደም ተከተል ጠየቅኩ። መጨረሻ ላይ «ምን ቢደረግልዎ ይቀሩ ነበር?» አልኳት። እሷም «የደመወዝ ነገር አይደለም። ልሄድ ነው ስላቸው ሁሉም እንደ ፈቃድሽ አሉኝ። አንድ ሰው አትሂጂ ቢለኝ እቀር ነበር» አለችኝ።

የሚቀጥለውን መናገር ነበረብኝ። ቃል ግን ከአፌ አልወጣም። ጠረጴዛውን እያየሁ ቀረሁ። ወደቅኩ ብዬ ነበር። ውጤቱ ሲመጣ ግን ለዚያ ክፍል ሙሉ ነጥብ ሰጥታኛለች፤ ከጎኑም «ዝምታን በሚገባ ተጠቅመዋል» የሚል ጽፋበታለች። ለካስ የመማሪያ መጽሐፋችንም ከመልሱ በኋላ «ታግሦ ማዳመጥ» ይላል። ያለአግባብ የተሰጠ ነጥብ አይቼ ሳላርም ያለፍኩት በሕይወቴ ይህ የመጀመሪያው ነው።

ውጤቱ የተለጠፈ ቀን አዳራሹ ጩኸት በጩኸት ሆነ። «እማዬ፣ አለፍኩ!» የማይል የለም። እኔም ስልኬን አወጣሁ፤ ግን አንቺ «ሃሎ፣ ሃሎ፣ አይሰማም!» ብለሽ ጆሮዬ ላይ እንደምትዘጊው ስለማውቅ መልሼ ኪሴ ከተትኩት። ቤት ስደርስ የውጤት ወረቀቴን ከፎቁ ሥር ላለው ልብስ ሰፊ አሳየሁት። እጁን ጠረገና ተቀብሎ «ጎበዝ ልጅ ነው! የልጅዎ ነው፣ መምህር?» አለኝ። የእኔ ነው ስለው እስኪያስለው ድረስ ሳቀና «ታዲያ ጡረታውን ማን ይወጣልዎታል?» አለ። አብሬው ሳቅኩ። ከዚያ ወረቀቴን ይዤ ብቻዬን ደረጃውን ወጣሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። አንድ የልብስ ፋብሪካ በሠራተኛ አስተዳደር ክፍሉ ሊቀጥረኝ ይፈልጋል። ሥራው ደስ ይለኛል፤ ግን ውሉ የሁለት ዓመት ነው፤ ከፈረምኩ ወዲያ ወዲህ የለም። ወሩ ሳያልቅ መልስ እንድሰጥ ነግረውኛል። አንቺ ደግሞ በመጨረሻው ደብዳቤሽ «የጓሮው ክፍል ባዶውን ነው፤ ብትመጣም ባትመጣም እንደ ፈቃድህ» ብለሽኛል። ላለማስጨነቅ ብለሽ እንደሆነ ይገባኛል። እኔም ሸክም እንዳልሆንብሽ ብዬ ነው ልምጣ ወይ ሳልልሽ የቆየሁት። በዚያ የፈተና ወንበር ላይ ቃል ያጠረኝ ግን በዚሁ ነው።

ስለዚህ ቁርጡን ንገሪኝ። «ና» ካልሽኝ ለፋብሪካው አመስግኜ ሻንጣዬን እይዛለሁ። «እዚያው ሥራህን ሥራ» ካልሽኝም እፈርማለሁ፤ አልቀየምሽም። «እንደ ፈቃድህ» ብቻ አትበይኝ።

ለልጅሽ ሰላምታዬ ይድረሳት፤ ጨው እንድትቀንስልሽ ንገሪልኝ። ለባለቤቷ፣ ያ የጓሮ ክፍል ጣራ አሁንም ያፈስ እንደሆነ ጠይቂልኝና ሰላም በይልኝ። ጎረቤትሽን አዋላጇን እጅ ነሥቻለሁ። አንቺ እየተናገርሽ ደብዳቤሽን ለምትጽፈው ለልጅ ልጅሽ ደግሞ ጉንጯን ሳሚልኝ፤ የእጅ ጽሑፏ አምሯል። የዚህን ደብዳቤ መልስ ግን፣ ዓይንሽ ከፈቀደልሽ፣ አንቺው በእጅሽ ጻፊው። ቢንጋደድም ግዴለም፤ አላርመውም።

የምስክር ወረቀቴን ሬዲዮኑ ላይ አስደግፌዋለሁ። ሚስማር ገና አልመታሁለትም።

ታናሽ ወንድምሽ
ከኪራይ ቤቴ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ በወሩ አጋማሽ