ሰሌዳውን የሳተው መስመር

ወንድሜ ሆይ፣ ሰላምታዬ አንተ ካለህበት ይድረስህ። እንዴት ነህ? የእማዬ ጉልበት ተሻለው? ሚስትህስ፣ ልጆቹስ? እኔ ጤናዬ ደህና ነው፤ ልቤ ግን ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ አላረፈም።

ጽፈህ የላክህልኝ የሙቀት ግራፍ ለብቻው ሲሠራ እንከን አልነበረውም። ባለፈው ሳምንት የኮምፒውተር ባለሙያችን መጋዘኑን የምንቆጣጠርበት ፕሮግራም ውስጥ አስገባው፤ ስክሪኑ ላይ ለአንደኛው ቀዝቃዛ ክፍል አንድ የመሳያ ሰሌዳ፣ ለሁለተኛው ሌላ። ዛሬ የአንደኛው መስመር ሽቅብ ሲወጣ ሸሪኬ አየና፣ እዚያ ያለው እንጆሪ ባዶ ወደሆነው ሁለተኛው ክፍል ቶሎ ይዛወር ብሎ አዘዘ። ጫኞቹ ማውጣት ጀመሩ። እኔ በእጄ ያልዳሰስኩትን ስለማላምን ቴርሞሜትር ይዤ ገባሁ። አንደኛው ክፍል በረዶ ነው። ማቀዝቀዣው የቆመው የሁለተኛው ኖሯል፤ መስመሩ ግን የተሳለው አንደኛው ሰሌዳ ላይ ነው። ደህናውን ዕቃ በገዛ እጃችን ልናበሰብሰው ነበር። ጫኞቹን አስቁሜ አስመለስኩ።

ባለሙያው ኮድህን ገልጦ አየው። ሒሳቡ ልክ ነው አለ። "ግን ብቻውን እንዳደገ ልጅ ነው፤ ፊቱ ያገኘው ሰሌዳ ሁሉ የሱ ይመስለዋል።" የት ልሳል ብሎ አይጠይቅም፤ መጨረሻ የተከፈተው ላይ ይሞነጫጭራል። የቤታችን የመጨረሻ ልጅ መሆንህን አልነገርኩትም። ደግሞ የራሱን መስኮት ይከፍትና እስኪዘጋ ድረስ ፕሮግራሙን በሙሉ ያደነዝዘዋል፤ ማንቂያው እንኳ አይጮኽም።

ስለዚህ ኮድህ ሰሌዳውን ከፕሮግራሙ ይቀበል፤ በተሰጠው ላይ ብቻ ይሳል። መስኮት መክፈትና መዝጋት የፕሮግራሙ ድርሻ ነው። ጫኝ የመጋዘን በር በራሱ ፈቃድ አይከፍትም፤ አውርድ የተባለበት ያወርዳል። ለራስህ ሙከራ መስኮት ካስፈለገህ ያን ለብቻው ሌላ ፋይል ውስጥ አስቀምጠው።

ሸሪኬ "የወንድምሽን ነገር ጥለን ሌላ እንግዛ" ብሏል። እስከ ቅዳሜ ታገሰኝ አልኩት። እስከዚያ ግራፉን ዘግቼ በቴርሞሜትር እዞራለሁ። ቅዳሜ ካልተስተካከለ ግን ሸሪኬን ሳልጠብቅ ግራፍህን እኔው ከፕሮግራሙ አወጣዋለሁ፤ አትቀየመኝ። ወንድሜ መሆንህን እኔ አውቃለሁ፤ እንጆሪው አያውቅም።

እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ፤ ይህን ግን እንዳታነብላት። ሚስትህን፣ ትልቋን ልጅህን፣ ያን ቅብጥብጥ ትንሹንም ሰላም በልልኝ።

እህትህ
ከመጋዘኑ ቢሮ፣ ሰኞ ግንቦት ፲፪ ቀን