ነዳጅ ለማይጠጣ ብስክሌት የእሑድ ፈቃድ ስለ መከልከሉ

ባሕር ዳር፣ ሐሙስ ጥቅምት 16 ቀን 1976 ዓ.ም.
በመምህራን የግድግዳ ጋዜጣ ላይ ለሕዝብ የተለጠፈ

ለተከበሩ ጓድ አስማማው
የእሑድ እንቅስቃሴ ፈቃድ ንዑስ ኮሚቴ ሊቀ መንበር
ካሉበት

የተከበሩ ጓድ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎ፣ የቤተሰብዎና የማኅተምዎ ጤና እንደምን ሰንብቷል እያልሁ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ማኅተሙን ከቤተሰብ ጋር ቀላቅዬ የጠየቅሁት በድፍረት አይደለም፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ በማመልከቻዬ ላይ ብቅ ስላላለ አሞት ይሆን እንዴ ብዬ ከልቤ ስለ ሰጋሁ ነው።

እኔ ክንዱ ዳኘው እባላለሁ። ባለፈው ሐምሌ በሒሳብ ተመርቄ ከመስከረም ጀምሮ በዚችው ከተማ አስተምራለሁ፤ ከክፍል ውጭ ደግሞ የብስክሌት ቡድናችን አስተባባሪ ነኝ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ ለመለጠፍ የበቃሁት በክረምቱ ሴሚናር ላይ እርስዎ ራስዎ ቆመው ሂስን የሚፈራ መሪ የለም ብለው ስላስተማሩን ነው፤ ቀኑንና ሰዓቱን ጭምር ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ።

ጉዳዩ አጭር ነው። የፊታችን እሑድ የክፍለ ሀገሩን የብስክሌት ቡድን የሚመርጡ ሰዎች ከደብረ ማርቆስ ወደ መራዊ ይመጣሉ፤ ውድድሩም ከመራዊ ዱርቤቴ ደርሶ መልስ ነው። ከከተማችን ሴቶች መካከል ተስፋ ያላት አንዲት ናት፤ በፋብሪካ የፈትል ክፍል የምትሠራው ሸሪፋ ሙሀመድአወል። ቅዳሜ እስከ ማታ ፈረቃ ላይ ስለሆነች፣ እሑድም አውቶቡስ ስለሌለ፣ ያላት ምርጫ ጎሕ ሲቀድ ተነሥታ እስከ መራዊ ያለውን ሠላሳ ምናምን ኪሎ ሜትር በዚያችው በብስክሌቷ መሄድ ብቻ ነው፤ ለእሷ ይኸ ሰውነት ማሟሟቂያ ነው። ጨርቅ ነጋዴው አባቷ ሁለት ዓመት ታግሠው አሁን ቁርጡን ነግረዋታል፤ ዘንድሮ ካልተመረጠች ብስክሌቱ ይሸጣል። ገዢውም ከወረታ ድረስ መጥቶ ጎማውን በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አድርጎ አይቶ ሄዷል። እንግዲህ በሸሪፋና በመራዊ መካከል የተጋረጠው አንድ የኬላ ገመድ ሲሆን፣ የገመዱ ጫፍ በእርስዎ እጅ ነው።

ስለዚህ እስካሁን ለተደረገልን ሁሉ በተራ ቁጥር ላመሰግን ይገባኛል።

1ኛ/ የእሑድ ፈቃድ የሌለው ተሽከርካሪ ከከተማ እንዳይወጣ የተከለከለው ነዳጅ ለመቆጠብ መሆኑን እናውቃለን፤ እንደግፋለንም። ነዳጅ የማይጠጣው ብስክሌትም አብሮ ይቆጠብ መባሉ ግን የቁጠባን ትርጉም እኔ ከተማርሁት በላይ ስላሳደገው ምስጋናዬ የላቀ ነው። የኬላው ጠባቂ ጓድ አምባቸውም ሥራቸውን በሚገባ ተወጥተዋል። ከወንበራቸው ተነሥተው፣ ብስክሌቱን ዞር ዞር ብለው አይተው፣ «የኔ ልጅ፣ ጎማ አለው፤ ጎማው ይዞራል፤ ከዚህ ወዲያ ምን ላድርግህ?» አሉኝ። ወርደን እየገፋን እንለፍ ብላቸው፣ «መኪናም ሲበላሽ ይገፋል፤ ስለተገፋ በሬ አይሆንም» ብለው መለሱልኝ። በዚህ መሐል አንድ ጋሪ በሁለት ጎማው እየተንገጫገጨ ገመዱን አልፎ ሄደ። ዞር ብዬ ባያቸው ጊዜ «እሱማ ፈረስ አለው» አሉኝ። ጥፋታችን ፈረስ አለመያዛችን መሆኑን ያወቅነው ያን ዕለት ነው። በማሳ መሐል ሾልከን እንለፍ ያለም ከመካከላችን ነበረ፤ የሰው ዳጉሳ አንረግጥም ብለን ተመለስን።

2ኛ/ ፈቃድ መጠየቂያውን ቅጽ ስለሰጡን እናመሰግናለን። ቅጹ «በመቶ ኪሎ ሜትር የሚፈጀው ነዳጅ» የሚል ቦታ ስላለው በተማርሁት ሒሳብ መሠረት ዜሮ ብዬ ሞላሁ። በሳምንቱ ስመለስ ጸሐፊዎ ወይዘሮ አገርነሽ፣ ዜሮ የሚሞላው ለተበላሸ መኪና ብቻ እንደሆነ፣ የተበላሸ መኪና ደግሞ ጎታች ሳይኖረው ከከተማ እንደማይወጣ በትሕትና አስረዱኝ። ጎታቹ ምን ይሁን ብዬ ብጠይቅ የእሑድ ፈቃድ ያለው መኪና ይሁን አሉኝ። በሁለተኛው ቅጽ ላይ ታዲያ እውነቱን ልጻፍ ብዬ «ሦስት ዳቦና አንድ ኮዳ ውሃ» ብዬ ሞላሁ። ዳቦ የሌላ ኮሚቴ ጉዳይ ነው ተብሎ ተመለሰ። ሦስተኛው ቅጽ ጠረጴዛዎ ላይ ነው፤ በዚያኛው «አንድ ሊትር» ብዬ ዋሽቻለሁ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ለመንግሥት መሥሪያ ቤት የዋሸሁት ብስክሌትን ቤንዚን በማጠጣት ስለሆነ ግለ ሂሴን በዚሁ አቀርባለሁ።

3ኛ/ ልምምዱን በከተማው አደባባይ ዙሪያ እንድናደርግ መፍቀድዎ ትልቅ ውለታ ነው። አስልቼዋለሁ፤ የውድድሩ ስድሳ ኪሎ ሜትር መቶ ሃምሳ ዙር ነው። ባለፈው እሑድ ሰማንያኛው ላይ ስንደርስ ሊስትሮዎቹ እያዩ መቁጠር ሰልችቷቸው ሄዱ፤ ሸሪፋ ከወረደች በኋላም እቤቷ እስክትገባ ወደ ግራ ወደ ግራ ይስባት ነበር። አቅጣጫው ከአብዮቱ መስመር ጋር መስማማቱን ባደንቅም፣ ወደ ዱርቤቴ የሚወስደው መንገድ አልፎ አልፎ ወደ ቀኝ መታጠፉን ለማሳወቅ እገደዳለሁ።

4ኛ/ ለቃል ማመልከቻዬ በሰጡት መልስ «ኪሎ ሜትር የትም ኪሎ ሜትር ነው» ብለዋል። እንደ ሒሳብ መምህር ከእርስዎ ጋር አልከራከርም። ነገር ግን ይህንን የሚሉት መንገዱን በመኪና ስለሚያውቁት ነው፤ መኪና ዳገት አያስተውልም፤ ማርሽ ይቀይርና ይረሳዋል። መመሪያው ሳይወጣ ስንሄድበት እኔ በጉልበቴ ቆጥሬዋለሁ። ከመሸንቲ ወዲያ መንገዱ ይነሣል፣ ይወድቃል፣ መልሶ ይነሣል፤ ቁልቁለቱ ግርጌ ላይ ትንሽ ድልድይ አለች፤ ፍሬን ሳይዙ ካለፏት የሚቀጥለውን ዳገት እኩሌታ በነጻ ትሰጥዎታለች፣ ከፈሩ ግን ሙሉውን ታስከፍልዎታለች። በዚህ በጥቅምት ኑጉ ግራና ቀኙን ቢጫ አድርጎት፣ ጠጠሩ ከጎማ ሥር እየተፈናጠረ፣ አንዱ ጉብታ ላይ ዞር ቢሉ ጣና ከሩቅ እንደ ቀጭን መቀነት ተዘርግቶ ይታያል። የሚያርሙት ገበሬዎች ቀና ይሉና ሸሪፋን «አይዞሽ እቴ፣ አለቀ እኮ!» ይሏታል። አላለቀም፤ ከፊቷ ሌላ ዳገት አለ። እነሱ ሲሉት ግን ያለቀ ይመስላል፤ እግሯም ያምናቸዋል። እኔ ይህንን መንገድ፣ የዘጌንና የጢስ ዓባይንም ጨምሬ፣ ዳገት ቁልቁለቱን በእርሳስ እየሣልሁ ደብተር ሞልቻለሁ፤ አንድ ቀን የከተማው ወጣት ሁሉ በእሑድ ይሄድበታል ብዬ አስባለሁ። ሒሳብ የተማረ ሰው ተስፋ ላይ ቁጠባ አያውቅም ብለው ይለፉኝ።

5ኛ/ ሌላ ቅሬታ የለኝም። ቁጥሩ አራት ላይ ቢቆም ያልተሟላ ስለሚመስል ነው።

እንግዲህ የምለምነው አንዲት ወረቀት ነው። ለእሑድ ማለዳ፣ ለአንዲት ሴት፣ ለሁለት ጎማ። እኔ ልቅር፤ እኔ በጠራራ ፀሐይ አደባባዩን እየዞርሁ የእሷን ድርሻ ለአብዮቱ እከፍላለሁ። ልጅቱ ግን ከገመዱ ወዲያ ማዶ ልትገኝ ይገባል፤ ከእሑድ በኋላ የሚሰጥ ፈቃድ የወረታውን ሰው ብቻ ነው የሚጠቅመው።

ትዕግሥትዎ እንደ ሰነዶችዎ የማይንቀሳቀስ፣ ጥንቃቄዎም ከጎማ እስከ ፈረስ የማይሳሳት ሆኖ ይኑርልን እያልሁ፣ ከአንገቴ ዝቅ፣ ከወገቤም ትንሽ ጎንበስ ብዬ እሰናበታለሁ።

አክባሪዎ
ክንዱ ዳኘው
መምህርና ባለ ብስክሌት

ተጨማሪ ማስታወሻ፣ ሰኞ ጥቅምት 20፦ መልስ ስላልደረሰኝ ደስታዬን ራሴ ላሳውቅዎ። ትናንት ማለዳ ኬላው ላይ ቆመን ሳለ የእሑድ ፈቃድ ያለው ላንድሮቨር ደረሰ፤ ፈቃዱ «ለአስቸኳይ ሕዝባዊ ሥራ» ይላል፣ የተፈረመውም በእርስዎ ነው። ሹፌሩ አዝኖልን የሸሪፋን ብስክሌት ጣራው ላይ አሰረው፣ እኛንም ከኋላ አሳፈረን፤ ጓድ አምባቸውም «ጭነት ከሆነማ ማን ይከለክላል!» ብለው ገመዱን ጣሉ። ነዳጅ የማያውቀው ብስክሌት በስድስት ሊትር ቤንዚን መራዊ ገባ። አስቸኳዩ ሕዝባዊ ሥራ አምስት ሣጥን ቢራ ሆኖ አገኘነው፤ ለክርስትና ድግስ የሚሄድ። ሸሪፋ ከዱርቤቴ ተመልሳ ከሴቶቹ አንደኛ ሆና መራዊ ስትገባ፣ እርስዎ ከድግሱ ቤት ብርጭቆ እንደያዙ ወጥተው አጨበጨቡላት፤ «ጎበዝ! የማን ልጅ ናት?» ብለው ሲጠይቁም ሰምቻለሁ። የአቶ ሙሀመድአወል ልጅ ናት። ተመርጣለች፤ ኅዳር ላይ አዲስ አበባ ትወዳደራለች። ቀኑ እሑድ ስለሆነ ማመልከቻዋን ነገ ጠዋት ይዤ እመጣለሁ።