ወደ ጥሪው ለሚሮጥ ጎጥ ስለ ተመረጠለት ኢንተርኔት

ይድረስ ለክቡር የገጠር ብሮድባንድ ማዳረሻ አስተባባሪ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣

አስቀድሜ ለክቡርነትዎ ጤና፣ ለቤተሰብዎ ሰላም፣ ለወንበርዎም ጽናት እመኛለሁ። እኛም እግዚአብሔር ይመስገን፣ ይህ ደብዳቤ እስከ ተጻፈበት እስከ ነሐሴ ዘጠኝ ቀን ድረስ ሁላችንም አለን። ቀኑን ለይቼ የጠቀስኩት ያለ ምክንያት አይደለምና በትዕግሥት እንዲያነቡኝ እለምናለሁ።

ስሜ ደምሌ ቀለመ ወርቅ ይባላል። ሠላሳ አንድ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ ከአርብ ገበያ በእግር ሦስት ሰዓት በምትርቀው የትውልድ ጎጤ በቀጭን አፋፍ ገብስና ባቄላ እያረስኩ እኖራለሁ። ጎጣችን አርባ ሦስት አባወራ አላት። ከነዚህ ውስጥ አሥራ አንዱ ከገደሉ ሥር፣ የቀረነው ደግሞ ከጅረቱ ማዶ በመድኃኔ ዓለም ደብር ጉብታ ላይ ነን። ገደሉ ካለፈው ክረምት ጀምሮ አናቱ ላይ መሰንጠቁን ጽሕፈት ቤትዎ በሚገባ ያውቃል፤ ባለሙያ ልኮ በስንጥቁ ውስጥ ችካል ያስተከለው፣ መሬቱ ሲንቀሳቀስም ችካሉ በኢንተርኔት መልእክት ልኮ ጎጡ ውስጥ የተሰቀለ ድምፅ ማጉያ እንዲያስጮህ ያዘዘው እርሱ ራሱ ነውና። ለዚህ ሥራ በአንድ ነዋሪ ቤት የብሮድባንድ መስመር ይገባል፣ መስመሩን የሚያቀርቡት ሁለት ድርጅቶች ስለሆኑም ነዋሪው የሚሻለውን ራሱ ይምረጥ ተባልን። ምረጡ ተብለን የተጠየቅንበት ጊዜ ብዙ ስላልሆነ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስታችን ወሰን አልነበረውም።

ምስጋናዬን እንዳይምታታብኝ በቁጥር አስፍሬዋለሁ።

፩ኛ. የሁለቱም ድርጅቶች ወኪሎች እስከ ጎጣችን ድረስ በጭቃ መጥተው ስለ መስመራቸው ፍጥነት ስላስረዱን እናመሰግናለን። የእኛ ሰው ግን ስለ ፍጥነት አልጠየቀም። የጠየቀው ኔትወርካችሁ የሚይዘው የት ላይ ነው ብሎ ብቻ ነበር። የአንደኛው ድርጅት ከገደሉ ሥር እንጂ በጉብታው ላይ እንደማይይዝ፣ የሁለተኛው ደግሞ በጉብታው ላይ እንጂ ከገደሉ ሥር እንደማይይዝ ታወቀ። ድምፅ ማጉያውም መስመሩ ከገባበት ቤት ጣሪያ ላይ እንደሚሰቀል ስለ ተነገረን፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተሰብስበን ያለ አንዳች ክርክር ሁለተኛውን መረጥን። ምክንያቱን እርስ በርሳችን ማስረዳት አላስፈለገንም። ለክቡርነትዎ ግን በሦስተኛው ቁጥር አስረዳለሁ።

፪ኛ. ምርጫችንን በአርባ ሦስት የጣት አሻራ አጽንተን፣ እኔና ስማቸው የሚባለው የእድራችን ጡሩንባ ነፊ በዓርብ ቀን ገበያተኛውን ተከትለን ወደ አርብ ገበያ ወሰድነው። በዚያ የተቀበለችን ምሥራቅ የምትባል የጽሕፈት ቤትዎ ሠራተኛ እጅግ ጨዋ ልጅ ናት። ወረቀቱን በሁለት እጇ ተቀብላ አነበበችውና፣ ምርጫ የሚመዘገበው በኢንተርኔት በሚሞላ ቅጽ ብቻ መሆኑን እያፈረች ነገረችን። እንግዲያው እዚሁ ሙይልን ብንላት፣ ቅጹ አመልካቹ መስመሩ ከሚገባበት ከመኖሪያ ቤቱ ሆኖ እንዲሞላ እንደሚጠይቅ፣ ከሌላ ቦታ ሲሞላም እንደማይቀበል አሳየችን። ኢንተርኔት እንዲገባልን ለማመልከት ኢንተርኔት የገባለት ቤት ያስፈልገናል ማለት ነው። ይህን ያሰበ ሰው የእኔ ተማሪ እንዳልነበረ ተስፋ አደርጋለሁ። በአሥራ አምስተኛው ቀን ጽሕፈት ቤትዎ ቅጽ ያልሞላ ጎጥ አንደኛውን ድርጅት እንደ መረጠ ይቆጠራል ሲል ገለጸልን፣ መስመሩም ከገደሉ ሥር በእኅቴ በወይዘሮ ውብነሽ ቤት ገባ። ዝምታችንን እንኳ ያዳመጠ መሥሪያ ቤት አይተን ስለማናውቅ ምስጋናችን ከልብ ነው።

፫ኛ. በእኛ አገር ጩኸት ከተሰማ ሰው ወደ ጩኸቱ ይሮጣል። ቤት ቢቃጠል፣ በሬ ገደል ቢገባ፣ ሰው ቢሞት፣ የሰማ ሁሉ ጥማዱን እርሻው ላይ ትቶ ይደርሳል፤ ምን ተፈጠረ ብሎ የሚጠይቀው ከደረሰ በኋላ ነው። ጩኸቱ ከጉብታው ላይ እንዲሆን የፈለግነው ለዚህ ነበር። ያን ጊዜ ከገደሉ ሥር ያሉት አሥራ አንዱ ቤተሰቦች ማንም ሳይነግራቸው ወደ እኛ ይሮጡ ነበር።

በሰኔ መጨረሻ ጩኸቱ በተሞከረበት ቀን የሆነውን ባለሙያዎ ሳይነግርዎት አይቀርም። ረፋድ ላይ ድምፅ ማጉያው በእኅቴ ጣሪያ ላይ ጮኸ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ከጉብታው ላይ በሰላም የተቀመጠው ሰው ሁሉ ጅረቱን ተሻግሮ፣ ወንዱ ዶማና አካፋ ገመድም ይዞ፣ ሴቱ ውኃ በጀሪካን ተሸክሞ፣ ካህናቱ መስቀላቸውን እንደያዙ፣ ከስንጥቁ ሥር ተሰለፈ። ቃሬዛ ሳይቀር መጥቷል። ባለሙያዎ ሰዓቱን እያየ በመዝገቡ ላይ የኅብረተሰቡ ምላሽ ከተጠበቀው በላይ ፈጣን ነው ብሎ ጻፈ። ያልመጡት የቅኔ መምህራችን መሪጌታ ገብረ ኢየሱስ ብቻ ነበሩ፤ ጆሯቸው መስማት ካቆመ ስድስት ዓመቱ ነው። ስለ እርሳቸውም አንድ ነዋሪ የግንዛቤ ማስጨበጫ ሥልጠና ያስፈልገዋል ተብሎ ተመዝግቧል። ጩኸት ሲሰሙ ከአካባቢው ይራቁ የሚለው ማስታወቂያ ደግሞ በሚያምር ወረቀት ታትሞ በእኅቴ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ሊያነበው የፈለገ ከገደሉ ሥር መምጣት ይበቃዋል።

፬ኛ. ማስተማር ሥራዬ ስለ ነበረ፣ ሦስት እሑድ በተከታታይ ከደብሩ ደጅ ቆሜ ይህ ጩኸት የሚያባርር እንጂ የሚጠራ አይደለም ብዬ አስተማርኩ። ሰው በጨዋነት አዳመጠኝ። ሲያበቃ ስማቸው ተነሥቶ፣ ጩኸት ሰምቼ ከቀረሁ እኔ ስሞት ማን ይቀብረኛል ብሎ ጠየቀኝ። ክቡርነትዎ መልሱ ካለዎት ለስማቸው በቀጥታ ቢጽፉለት ደስ ይለዋል።

፭ኛ. እኅቴ እኛ ዘንድ ትምጣ ብዬ ለምኛታለሁ። ከገደሉ ሥር ያሉት አንዳንዶቹ ለክረምቱ ወደ ዘመድ ሄደዋል። እርሷ ግን ራውተሩን፣ ኢንተርኔቱን የሚቀበለውን ዕቃ፣ ስትረከብ ከቤቱ እንዳይንቀሳቀስ፣ እንዳይጠፋ፣ ያለ ጠባቂም እንዳይተው አስፈርመዋታል። የመንግሥት ዕቃ በአደራ ተቀብዬ ጥዬው አልወጣም አለች። ራውተሩን አንሥቼ በጃንጥላ ሸፍኜ ጉብታውን ሁሉ ዞርኩበት፤ መብራቱ አንድ ጊዜ እንኳ አልበራም። መልሼ አስቀመጥኩላት። የቤቷ በር ከሐምሌ ወዲህ መዝጋት አስቸግሯል። አናጢ ሁለት ጊዜ ላገላት፣ ሁለት ጊዜም ተመልሶ ተያዘ። አናጢው እንጨቱ እርጥበት ይዞ ነው ይላል። እንጨቱ እንዳላበጠ፣ ቤቱ ራሱ እየተጣመመ እንደሆነ እኔ አውቃለሁ፤ እርሷም ዓይኔን አይታ ታውቃለች።

ክቡር ሆይ፣ ስንጥቁን በየሳምንቱ እለካዋለሁ። ሰኔ ላይ ጣት የሚያስገባ ነበር። በሐምሌ አጋማሽ አንድ ስንዝር ሞላ። ዛሬ ጠዋት ክንዴን እስከ ክርኔ ድረስ አጋድሜ ለካሁት፣ ማዶውን አልነካልኝም። ከሥሩ የሚወጣው ምንጭ ከሰኞ ጀምሮ ደፍርሷል፣ ከብቶቹም አፋቸውን አስጠግተው ይመለሳሉ። ይህን የመሬት መንሸራተት ምልክት ከመማሪያ መጽሐፍ ለስንት ልጆች በሰሌዳ ላይ እንደ ጻፍኩት አላስታውስም። ፈርቻለሁ፤ ይህን በጨዋ አማርኛ የምጽፍበት ሌላ መንገድ አላገኘሁም።

የምለምነው አንድ ነገር ነው። ፍጥነቱ ቢያንስም፣ ቢቆራረጥም፣ ልጆቻችን ትምህርት ባይከታተሉበትም ግድ የለንም፤ የመረጥነው የሁለተኛው ድርጅት መስመር በጉብታው ላይ ይግባልንና ጩኸቱ ከዚያ ይሁን። እኅቴም አደራዋን አስረክባ ትውጣ። ከጽሕፈት ቤትዎ ትናንት የደረሰን ደብዳቤ ጥያቄያችን ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስቀል በኋላ፣ በዝርዝር እንደሚታይ ያበሥራል። መስቀል መልካም በዓል ነው፤ ያድርሰን።

ለእኛ ሲሉ እንቅልፍ እንደማያጡ የማልጠራጠር፣ ያልሞላነውን ቅጽ ስለሞሉልን፣ ያልመረጥነውንም ስለመረጡልን ውለታዎን ከጉብታው ላይ ሆኖ የሚቆጥር፣

ታዛዥዎ
ደምሌ ቀለመ ወርቅ
የቀድሞ የጂኦግራፊ መምህር
ቀጭን አፋፍ፣ ታች ጋይንት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ትናንት ቀትር ላይ ድምፅ ማጉያው ጮኾ ነበር። ባትሪው ሲዳከም እንደዚያ እንደሚያደርገው የተነገረን በኋላ ነው። ሦስት እሑድ አትሩጡ ብዬ ያስተማርኩት እኔ አንድ እግሬን ብቻ ተጫምቼ፣ ከስማቸው ቀድሜ፣ ከእኅቴ ደጅ ቆሜ ራሴን አገኘሁት። ወደ ኋላዬ ዞር ስል ጎጡ በሙሉ አካፋውን ይዞ ከስንጥቁ ሥር ቆሟል። ስለዚህ መልስዎን በእኔ ስም ባይልኩት ይሻላል። በመሪጌታ ገብረ ኢየሱስ ስም ይላኩት፤ እርሳቸው ጩኸቱን ስለማይሰሙና ከጉብታው ስለማይወርዱ፣ ደብዳቤዎ በደረሰ ጊዜ የሚረከብ አንድ ሰው ይገኛል።